በመዶሻ የሚመታው ካቻቢቴ እና የአሮጌዋ ያማሃ እምቢተኛ ብሎኖች

ባለፈው ክረምት መርካቶ ሶማሌ ተራ ካሉት የመሣሪያ መደብሮች ከአንዱ፣ በመዶሻ እየተመታ የሚሠራ ካቻቢቴ ገዛሁ፤ መካኒኮች በአጭሩ ኢምፓክት ይሉታል። ከዚያ ወዲህ በፈረንጆች 1980ዎቹ በተሠራች አንዲት ያማሃ ዲቲ 125 ሞተር ብስክሌት ላይ፣ እንዲሁም በሰፈራችን ባሉ ሁለት ሌሎች ሞተሮች ላይ ደጋግሜ ስለሠራሁበት፣ ስለ ብቃቱም ሆነ ስለ ጉድለቱ አሁን በልበ ሙሉነት መናገር እችላለሁ። ፍርዴን ከወዲሁ ላስቀምጥ፦ መሣሪያው ራሱ ገንዘብ ቢወጣበት የማያስቆጭ ነው፤ አብረውት የሚመጡት ቢቶች፣ ማለትም ተለዋዋጭ ጫፎቹ፣ ግን ከእሱ ጋር በአንድ ሣጥን ውስጥ መቀመጥ ያልነበረባቸው ናቸው።

ነገሩ የጀመረው የኢንጂኑን ኃይል ወደ ማርሹ ከሚያስተላልፈውና ከሚያቋርጠው ክፍል፣ ከፍሪሲዮን ነው። ሞተሯን የገዛኋት ከአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ማስወገጃ ጨረታ ሲሆን፣ ዳገት ላይ ነዳጅ ሲሰጣት ድምጿ እየጨመረ ፍጥነቷ ግን ባለበት ይቀር ነበር፤ የፍሪሲዮን ሸራዋ ማለቁን ለማወቅ ከዚህ በላይ ምልክት አያስፈልግም። ሸራውን ለመቀየር በቀኝ በኩል ያለውን የካርተር (ኢንጂኑን የያዘው ቤት) ክዳን ማንሳት ግድ ይላል፤ ክዳኑን ዙሪያውን የያዙት ደግሞ ባለ መስቀል ብሎኖች ናቸው። ከእኔ በፊት በሞተሯ ላይ ያለፉት እጆች በምን ዓይነት ካቻቢቴ እንደታገሉ አላውቅም፤ የሦስቱ ብሎኖች መስቀል ግን አራቱም ክንፎቹ ተበልተው፣ ጭንቅላታቸው መሐሉ ጎድጎድ ያለ ትንሽ ሲኒ መስሎ ነበር። አንዱን ሰው በስካርፔሎ (በመሮ) ሞክሮት ኖሮ ጠርዙ ላይ ጠባሳ ቀርቷል፤ አጠገቡ ያለው አልሙኒየምም አብሮ ተፈንክቷል።

እነዚህ ብሎኖች ለምን እንዲህ እንደሚያስቸግሩ ሳይነገር መሣሪያው ምን እንደሚጠቅም ማስረዳት አይቻልም። ክዳኑ አልሙኒየም ነው፤ ብሎኑ ብረት ነው። ሁለቱ እርጥበት ባለበት ለዓመታት ተጣብቀው ሲኖሩ አልሙኒየሙ እየተበላ ነጭ ዱቄት የመሰለ ዝገት ያወጣል፤ ይህ ዝገት ከተፈጠረበት አልሙኒየም የበለጠ ቦታ ስለሚፈልግ፣ በብሎኑ ጥርሶች መካከል ገብቶ እንደ ሽብልቅ ይወጥራል። በዚህ ላይ የመስቀሉ ቅርጽ ይጨመርበታል። ፊሊፕስ የሚባለው ጭንቅላት፣ የኦሪገን ሰው የነበረው ሄንሪ ፊሊፕስ በፈረንጆች 1936 የባለቤትነት መብት ያገኘበት እና መጀመሪያ በካዲላክ መኪኖች መገጣጠሚያ ሥራ ላይ የዋለ ሲሆን፣ ጎኖቹ ዘመም ያሉ በመሆናቸው ጉልበት ሲበዛበት ካቻቢቴውን ወደ ላይ ገፍቶ ያስወጣዋል። የጃፓን ሞተሮች ብሎን ደግሞ ለዓይን ፊሊፕስ ይምሰል እንጂ ፊሊፕስ አይደለም፤ ጂስ በሚባለው የጃፓን የኢንዱስትሪ ደረጃ የተሠራ ነው፤ በብዙዎቹ ጭንቅላት ላይ ይህንኑ የምትጠቁም አንዲት ትንሽ ነጥብ ትገኛለች። ተራው የፊሊፕስ ካቻቢቴ በዚህ ብሎን ውስጥ እስከ ታች አይቀመጥም፤ የላይኛውን ጠርዝ ብቻ ይዞ ይንጠለጠላል፤ ሲጠመዘዝም ያንኑ የያዘውን ጠርዝ ልጦ ይወጣል።

ሌላው ስሕተት የቁጥር ነው፤ በእኔ ግምት ከቅርጹ ይልቅ ብዙ ብሎን ያበላሸው ይኸኛው ነው። የካርተር ብሎኖች 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ስላላቸው 3 ቁጥር ጫፍ ይፈልጋሉ፤ በየቤቱ ያለው ባለ መስቀል ካቻቢቴ ግን አብዛኛውን ጊዜ 2 ቁጥር ነው፤ እሱም ለ4 እና ለ5 ሚሊ ብሎን የሚሆን ነው። 2 ቁጥሩ በ3 ቁጥሩ ጉድጓድ ውስጥ ስለሚገባ ልክ ይመስላል፤ አለመሆኑ የሚታወቀው ከዞረ በኋላ ነው። አንድ ዕድሜ ጠገብ መካኒክ ጋራዡ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ረዳቱን፣ «አንተ ልጅ፣ ሦስት ቁጥሩን አቀብለኝ ስልህ ሁለት ቁጥር የምትሰጠኝ ብሎኑን ልታስበላኝ ነው?» ብለው ሲቆጡት ሰምቻለሁ። ልጁም፣ «ጋሼ፣ ገብቶ አየሁት እኮ» ነበር መልሱ።

አሁን ወደ መሣሪያው ልመለስ። ከእጅ መዳፍ ረዘም ያለ፣ ወፍራምና ከበድ የሚል የብረት ዘንግ ነው፤ አንደኛው ጫፉ ቢት የሚያስገባ ሲሆን ሌላኛው በመዶሻ የሚመታ ጠፍጣፋ ራስ ነው። በውስጡ ጠንካራ ሞላ እና ዘመም ተደርጎ በተቀረጸ ቦይ ውስጥ የሚሄድ ዘንግ አለው። ራሱ ሲመታ ሞላው ይታመቃል፤ ዘንጉም የቦዩን ዘመምታ ተከትሎ በጥቂት ዲግሪ ይዞራል። የመሣሪያው ብልኃት ያለው እዚህ ላይ ነው፦ ብሎኑን የሚያዞረው ኃይልና ጫፉን ወደ ጉድጓዱ የሚጫነው ኃይል ከአንድ ምት፣ በአንድ ቅጽበት ይመጣሉ። በእጅ ሲፈታ ሰው ጉልበቱን ለሁለት መክፈል አለበት፤ ለመጫን ሲል ማዞሩ ይቀንሳል፤ ለማዞር ሲል መጫኑ ይላላል፤ ካቻቢቴው የሚያመልጠውም በዚያች መላላት መካከል ነው። ምቱ በተጨማሪ በጥርሶቹ መካከል የተጋገረውን ዝገት ያነቃንቀዋል። ካቻቢቴ የሚለው ቃላችን ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን ቢተረጎም «ቪቴ (ብሎን) አባራሪ» ለማለት ይቀርባል፤ ከተራው ካቻቢቴ ይልቅ ስሙ የሚገባው ለዚህኛው ይመስለኛል።

ዋናውን ፍተሻ ያደረግሁት ቅዳሜ ጠዋት ነው። በዋዜማው ማታ በየብሎኑ ጭንቅላት ዙሪያ ናፍታና የማርሽ ዘይት ቀላቅዬ አንጠባጥቤ አሳደርኩት። ጠዋት የቤንዚን ታንከሯን አውርጄ ሞተሯን አሮጌ ጎማ ላይ በግራ ጎኗ አጋደምኳት፤ እንዲህ ሲሆን የቀኙ ክዳን ወደ ሰማይ ስለሚያይ ምቱ ቀጥ ብሎ ያርፋል፤ የማርሽ ዘይቷንም ማፍሰስ አያስፈልግም። ቆማ ሳለ ከጎን ለመምታት የሞከረ ሰው ግማሹ ምት ሞተሯን በመነቅነቅ እንደሚባክን ቶሎ ይረዳዋል።

በጤነኛው ብሎን ጀመርኩ። ባለ 3 ቁጥሩን ጫፍ በጉድጓዱ ውስጥ አስቀምጬ፣ መሣሪያውን ወደ ታች እየተጫንኩ እስኪጠብቅ ድረስ ወደ ግራ አዞርኩት። ይህችን እርምጃ ከሣጥኑ ጋር የመጣው ወረቀት ባይጠቅሳትም ከሁሉ የምትበልጠው እሷ ናት፤ ካልጠበቀ የመጀመሪያው ምት ክፍተቱን በመሙላት ብቻ ያልቃል፤ ይባስ ብሎም አቅጣጫው ወደ ቀኝ ተቀይሮ ከሆነ ብሎኑን የበለጠ ያጠብቀዋል። ከዚያ 1 ኪሎ በሚመዝን መዶሻ መታሁ። አንደኛው ምት ድፍን ድምፅ ሰጠ፤ ሁለተኛውም እንዲሁ፤ በሦስተኛው ላይ «ጠቅ» የሚል አጭር ድምፅ ተሰማና መሣሪያው በመዳፌ ውስጥ ትንሽ ሸሸ አለ። ያንን ድምፅ አንድ ጊዜ የሰማ ሰው ከሌላው አያምታታውም። ከዚያ በኋላ ብሎኑን በተራ ካቻቢቴ፣ በሁለት ጣቴ አወጣሁት፤ ጥርሶቹ መካከል ያ ነጭ ዱቄት እንደ ጤፍ ዱቄት ደርቆ ተጋግሯል። ጤነኞቹ ብሎኖች በሙሉ በዚሁ መንገድ ወጡ፤ ከአምስት ምት በላይ የፈለገ አልነበረም። የብሎኖቹ ርዝመት ስለሚለያይ የክዳኑን ቅርጽ ካርቶን ላይ ስዬ እያንዳንዱን በየቦታው ሰካሁት፤ ረጅሙን ብሎን በአጭሩ ቦታ ያስገባ ሰው ካርተሩን ሊሰነጥቅ ስለሚችል ይህ ጥንቃቄ ቀላል ተደርጎ መታየት የለበትም።

ጭንቅላታቸው የተበላው ሦስቱ ግን የተለየ ጉዳይ ናቸው። የመጀመሪያውን፣ ጫፉ ጠፍጣፋ በሆነ ወፍራም ብረት ደጋግሜ መታሁት፤ ዓላማው ወደ ጎን የተገፋውን ብረት ወደ መሐል መመለስና ጉድጓዱን ማጥበብ ነው። ከዚያ የ3 ቁጥሩን ቢት በመዶሻ ወደ ውስጥ ሰክቼ አዲስ መስቀል አስወጣሁለት፤ ኢምፓክቱ በስድስተኛው ምት ፈታው። ሁለተኛው በዚህ አልተገዛም። የቤንዚን ሽታ በአካባቢው አለመኖሩን ካረጋገጥኩ በኋላ በብሎኑ ዙሪያ ያለውን አልሙኒየም በጋዝ ነበልባል አሞቅሁት፤ አልሙኒየም ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲጨምር ከርዝመቱ ከሚሊዮን 23 እጅ ያህል ሲለጠጥ ብረት ግን 12 ያህል ብቻ ስለሚለጠጥ፣ ቀዳዳው ከብሎኑ ቀድሞ ይሰፋል። እንደሞቀ ተመታ፤ ተፈታም።

ሦስተኛው፣ ያ በስካርፔሎ የቆሰለው፣ መሣሪያውን አሸንፎታል። ጭንቅላቱ ላይ ጫፉ የሚይዘው ነገር ስላልነበረ እያንዳንዱ ምት የቀረውን ብረት ከመፍጨት ያለፈ ፋይዳ አልነበረውም። ይህንን እንደ መሣሪያው ጉድለት አልቆጥረውም፤ ገዢ ግን ሊያውቀው የሚገባ ወሰኑ ነው፦ ኢምፓክት ጭንቅላቱ ያልተበላን ብሎን ከመበላት የሚያድን እንጂ የተበላውን ሁሉ የሚያስነሣ አይደለም። በመጨረሻ 6 ሚሊ ተኩል ፑንታ (መብሻ ጫፍ) በትራፓኖ (በመብሻ ማሽን) ላይ ገጥሜ መሐሉን ይዤ በሳሁት፤ ጭንቅላቱ እንደ ቀለበት ተቆርጦ ፑንታው ላይ ቀረ። ክዳኑ ከተነሣ በኋላ ካርተሩ ላይ ጉቶ ብቻ ቀረ፤ ጭንቅላቱ ሲቆረጥ ብሎኑን ወጥሮ የያዘው ኃይል አብሮ ስለለቀቀ፣ ያንን ሁሉ ምት የተቋቋመው ብሎን ቆልፎ በሚይዝ ፒንሳ ግማሽ ዙር ሳይዞር ላላ። እዚህ ላይ የተሰበረ ብሎን ማውጫ ተብለው የሚሸጡትን፣ ወደ ግራ የተጠመዘዘ ጥርስ ያላቸውን ቀጫጭን ብረቶች እንዳልሞከርኩ ልናገር። ከዚህ በፊት አንዱ በቀዳዳው ውስጥ ተሰብሮብኛል፤ ብረቱ እጅግ የጠነከረ ስለሆነ ተራ ፑንታ አይበሳውም፤ ጉዳዩ ቶርኖ ቤት ደርሶ፣ ለዚያች አንዲት ብሎን የከፈልኩት ገንዘብ ለዚህ ሙሉ ሣጥን ከከፈልኩት በልጦ ነበር። ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ ቁጥሩን መጻፉ ጥቅም የለውም፤ ንጽጽሩ ግን ይበቃል።

ወደ ቢቶቹ ልምጣ። ሣጥኑ ባለ 2 እና ባለ 3 ቁጥር መስቀል እንዲሁም ጠፍጣፋ ጫፎችን ይዟል፤ ሁሉም 8 ሚሊ ስድስት ማዕዘን እግር አላቸው። የ3 ቁጥሩ ቢት ሁለተኛውን የተበላ ብሎን በፈታሁበት ምት ከአራት ክንፎቹ አንዱን ጣለ፤ ስብርባሪው ተፈናጥሮ መነጽሬን መታ። መነጽር ባላደርግ ኖሮ ይህን ግምገማ በአንድ ዓይን እጽፈው ነበር፤ በዚህ መሣሪያ ያለ መነጽር መሥራት ፈጽሞ አይገባም። የ2 ቁጥሩ ደግሞ በተቃራኒው የለሰለሰ ብረት ሆኖ ተገኘ፤ አልተሰበረም፤ ነገር ግን እንደ ጨርቅ ተጠመዘዘ። ከአንድ ሣጥን የወጡ ሁለት ቢቶች አንዱ ከመጠን በላይ ደርቆ ሌላው ከመጠን በታች መለስለሱ፣ ብረቱ ሲሠራ እሳቱንና ማቀዝቀዣውን የተቆጣጠረ ሰው አለመኖሩን ያሳያል። ሁለቱንም ይዤ ወደ ሻጩ ብመለስ፣ «ወንድሜ፣ ብረት ነው እኮ፤ ብረት ደግሞ ይሰበራል» አለኝ። ስለ ተጠመዘዘው ስጠይቀው ሌላ ደንበኛ ማስተናገድ ጀመረ።

መፍትሔው ቢቶቹን ለብቻ መግዛት ነው። እግሩ 8 ሚሊ የሆነ፣ ለምት ተብሎ የተሠራ 3 ቁጥር ቢት ከሌላ መደብር አገኘሁ፤ ፊሊፕስ ስለነበረ ከጫፉ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል በመሞረጃ ድንጋይ ቀስ አድርጌ፣ ብረቱ እንዳይግል ውሃ ውስጥ እየነከርኩ አነሣሁለት። አፍንጫው ሲያጥር በጃፓኑ ብሎን ጉድጓድ ውስጥ ወደ ታች ዝቅ ብሎ ተቀመጠ፤ ስነቀንቀውም አልተወዛወዘም። ይህ ቢት እስከ ዛሬ አንድም ክንፍ አልጣለም። የቢቱ መያዣ ሲወጣ የመሣሪያው አፍ ባለ ግማሽ ኢንች አራት ማዕዘን ስለሆነ ቡሶላም (የብሎን ጭንቅላት ውስጡ የሚያስገባ ክብ መፍቻ) ይቀበላል፤ ያም ቢሆን የሚያብረቀርቁት የእጅ ቡሶላዎች ለምት የተሠሩ ስላልሆኑ ሊሰነጠቁ ይችላሉ።

መሣሪያው የማይገባበት ቦታም አለ። ጎረቤቴ የሱዙኪውን ካርቡሬተር ታችኛ ክዳን በዚሁ ልፍታ ብሎ ሲጠጋ ከእጁ ቀማሁት፤ የካርቡሬተሩ አካል በቀላሉ የሚሰበር፣ ቀልጦ በቅርጽ የተሠራ በመሆኑ 4 ሚሊዋን ብሎን ለማዳን የተመታ ምት ብሎኗ የምትገባበትን ጆሮ አብሮ ይገነጥላል። የዚያው ሱዙኪ የፊት ፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያ ክዳን ብሎኖችም በቀጭን አልሙኒየም ላይ፣ ያውም መሪው ላይ ከሥራቸው ምንም ደጋፊ ሳይኖር የተቀመጡ ናቸው። ለእነዚህ የተጠቀምኩት ከቨርጂኒያ ለዕረፍት የመጣው የአክስቴ ልጅ ያመጣልኝን ኢምፓክታ የተባለ ካቻቢቴ ነው፤ የኦሳካው ቬሰል ኩባንያ ምርት ሲሆን፣ ለዓይን ተራ ባለ እጀታ ካቻቢቴ ይመስላል፤ እጀታው ሲመታ ግን ጫፉ ወደ ግራ በትንሹ ይዞራል። በቀላል መዶሻ ጥቂት ነካ ነካ ሳደርገው ሁለቱንም የፍሬን ክዳን ብሎኖች ፈታልኝ። ጫፉ ለጃፓን ብሎን እንደተሰፋ ልብስ ልክክ ይላል። ነገር ግን ወደ መፍታት ብቻ እንጂ ወደ ማጥበቅ አይዞርም፤ ለደረቁ የካርተር ብሎኖችም የትልቁን ያህል ክብደት የለውም። ስለዚህ አንዱ ሌላውን አይተካም፤ አንድ ብቻ ግዛ ብባል ግን ለአሮጌ ሞተር ትልቁን እመርጣለሁ።

ክዳኑን መልሼ ስገጥም የድሮዎቹን ብሎኖች አልመለስኳቸውም። በየርዝመታቸው ባለ ኤለን (ጭንቅላቱ ባለ ስድስት ማዕዘን ጉድጓድ የሆነ) ብሎን ገዝቼ፣ የካርተሩን ጥርሶች በናፍታና በብሩሽ አጽድቼ፣ በእያንዳንዱ ላይ ስስ ግሪስ ቀብቼ፣ ፊት ለፊት ያሉትን እያፈራረቅሁ በመስቀል ተራ ጥቂት በጥቂት አጠበቅኋቸው። ለ6 ሚሊ ብሎን በአልሙኒየም ውስጥ ከ8 እስከ 10 ኒውተን ሜትር የማጥበቂያ ኃይል ይበቃል፤ ግሪስ ሲኖር ደግሞ ወደ ታችኛው ማዘንበል ይሻላል። ኢምፓክቱ ወደ ቀኝም ስለሚዞር አንዳንዶች ለማጥበቅ ይጠቀሙበታል፤ እኔ አልመክርም፤ ዛሬ በመዶሻ የጠበቀ ብሎን የነገው መካኒክ ዕዳ ነው፤ በእኔ ቤት ያ መካኒክ ደግሞ እኔው ነኝ።

ለመግዛት የሚሄድ ሰው ሣጥኑን አስከፍቶ መሣሪያውን እዚያው ይሞክረው። ጫፉን ከሻጩ ፈቃድ ጋር እንጨት ላይ ተጭኖ ሲገፋው ዘንጉ ሳይደናቀፍ መዞር አለበት፤ አቅጣጫውን ቀይሮ ሲደግመውም በሌላኛው በኩል እንዲሁ። ሲለቀቅ ሞላው ያለ መዘግየት መመለስ ይኖርበታል። የመሣሪያው ራስ ጠርዝ ላይ ስንጥቅ መኖር አለመኖሩን በጥፍር ዳሰስ ማድረግም ጥሩ ነው። ቢቶቹን በተመለከተ፣ ሻጩ ያለ ቢት በቅናሽ ልስጥህ ካለ ሳያቅማሙ እሺ ማለት ነው።